ቀይዋ ቤንዚን፣ ግራጫዋ ናፍጣ

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ፉአድ ለመጀመሪያ ልጁ መወለድ የአቂቃ ድግስ ደግሶ ዘመድ አዝማዱን ጅማ ቤቱ ጠርቶ ነበር። ምሳው ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ወንዶቹ ትራስ ተደግፈው ጫታቸውን መፍታት ሲጀምሩ ወሬው እንደተለመደው ወደ መኪና ዞረ። አንድ የሰርቦ ዘመዳችን ትንሽ መኪና ሊገዛ ተነስቷል፤ የናፍጣ ትሁን የቤንዚን መወሰን አቅቶታል። አንዱ ናፍጣ ጉልበት ነው ይላል፤ ሌላው ቤንዚን ነው እንጂ ሞተር የሚያሰኘው ይላል፤ መኪና ኖሮት የማያውቀው ደግሞ ሁሉንም ያርማል። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሻይ እቀዳለሁ።

"ስለ ቤንዚን ሀያትን ጠይቃት እንጂ!" አለ አጎቴ አባ ተማም። "ሊቋ እዚሁ ቆማ የለም እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ነገሩን የማያውቀው የሰርቦው ዘመዳችን ብቻ ግራ ቀኝ አየ።

ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ትምህርት ከጨረስኩ ጀምሮ ሲከተለኝ የኖረ ሳቅ ነው። ሰርግ ላይ ይመጣል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመጣል። ባጃጄን ይዤ ማደያ ሰልፍ ላይ ስቆም "ሀያት ቤንዚን መጣች፣ አሳልፏት" የሚል አይጠፋም። ለማያውቅ ሰው ታሪኩን ልንገረው። እኔ ራሴ እስካለፈው ሳምንት ድረስ የማውቀው ግማሹን ነበር።

አባቴ ቡና አቅራቢ ነበር። ሊሙ ገነት ላይ ከገበሬ ይሰበስባል፣ ጅማ ላይ ወደ ውጭ ለሚልኩት ነጋዴዎች ያቀርባል። ቡናው በጭነት መኪና እያዘገመ ይመጣል፤ ከሱ ቀድሞ የሚሮጠው ናሙናው ነው፤ አንዲት ትንሽ ከረጢት። ላኪው ከዚያች ላይ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ቀምሶ ነው እወስዳለሁ ወይም አልወስድም የሚለው። አባቴ "ናሙና የሚይዝ ሰው የቤቱ ምላስ ነው" ይል ነበር። እኔ ያደግኩት በአሮጌው ፒክአፑ ጋቢና ውስጥ፣ ያችን ከረጢት ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው።

ኅዳር ሲገባ ያ መንገድ ሌላ ነገር ነው። ቀዩ አቧራ የቅጠሉን ሁሉ መልክ ይለውጠዋል፤ በየደጁ የማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ይሰጣል፤ ከቡና ማጠቢያዎቹ የሚመጣው የገለባ ሽታ ጠጅ ሊሆን የከጀለ ነገር ይመስላል። መንገድ ላይ ብርቱካን እንገዛለን። አባቴ ግን መኪና ውስጥ ልጦ አያውቅም። ወርደን፣ ራቅ ብለን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን እንበላና እጃችንን በውኃ ታጥበን እንመለሳለን። "ቡና ሌባ ነው፣ ልጄ" ይለኛል። "አጠገቡ የደረሰውን ሽታ ሁሉ ይሰርቃል።"

አስራ አንደኛ ክፍል ሆኜ አባቴ በክረምት ሞተ። ሐዘኑ እንኳ ሳይወጣ አጎቴ ንግዱን ያዘ፣ ፒክአፑንም "አሮጌ ነው" ብሎ ሸጠው። (አንቱ ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት እላለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን አይወጣልኝም።) እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በዚያው ሰሞን የሰርቦ ባለሱቅ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ተሰማ፤ እናቴም ልቧ ወደዚያው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሳሙናና ከክብሪት ኋላ ተቀምጬ ስታየኝ ደስ ይላታል። እኔ ግን ሳስበው እግሬን ያሳክከኛል።

አንድ ቀን አጎቴ እናቴ ባለችበት፣ ሽማግሌዎችም በተቀመጡበት፣ "ናሙናውን ከሁለት አንዳቸው ይያዙት" አለ። "ወይ ሀያት ወይ የኔ ፉአድ። እኔ አላዳላም፤ ሥራው ይፍረድ።" ሽማግሌዎቹ መረቁት። እኔ ከደስታዬ ብዛት ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት።

መኪናዎቹን ያመጣቸው አንድ ደላላ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። አጫጭር፣ ቂጣቸው የተቆረጠ የሚመስል፣ የኋላ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት፣ መልካቸው የቤት፣ ሞተራቸው ግን ለሩጫ የተሠራ። ቀይዋ ቤንዚን፣ ግራጫዋ ናፍጣ። ለቡና ነጋዴ ምን ያደርጋሉ እንዳትሉኝ፤ ናሙና ክብደት የለውም፣ ቀድሞ የደረሰ ግን ዋጋ አለው። ደግሞ አጎቴ መታየት ይወዳል። ደላላው ሁለቱንም አስነስቶ አሰማን። ግራጫዋ ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ ሴትዮ ታጉረመርማለች። ቀይዋ ነዳጅ ሲረግጥባት የሰፈሩን ውሾች አስነሳች።

"እሺ፣ ምረጡ" አለ አጎቴ። "የመረጣችሁትን እየነዳችሁ ከሊሙ ገነት ናሙና ታመጣላችሁ። የተሻለ ያመጣው መኪናዋንም ሥራውንም ይወስዳል።"

ፉአድ አላመነታም። "ናፍጣ! ዳገት ላይ ጉልበት አለው፣ ትንሽ ጠጥቶ ብዙ ይሄዳል፣ ማደያውም አያሰልፍም።"

"አንቺስ፣ ኢንተላ?" አለኝ። ልጅት ማለቱ ነው፤ ደስ ሲለው ኦሮምኛ ይቀናዋል።

"ቤንዚን።"

"ቤንዚን ከየት ልታመጪ ነው? ከሽቶ ሱቅ?" አለ ፉአድ። ሳቁ። እውነቱንም ነበር፤ በዚያ ሰሞን ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ በጎን ካልሆነ አይገኝም።

አጎቴ ግን አልሳቀም። "ለምን?" አለኝ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የተጠየቅኩትን ሳልመልስ ማለፍ ከልጅነቴም አልችልበትም። "የናፍጣ ሽታ አይለቅም፣ አጎቴ" አልኩት። "ማደያው መሬት ላይ የፈሰሰውን ረግጠው ይገባሉ፣ ምንጣፉ ይይዘዋል። እጅዎ ላይ ከነካ በሳሙናም አይሄድም። ቤንዚን ትንሽ ቢነካም ይተናል። ፒክአፕ ቢሆን ግድ የለም፣ ጭነቱ ለብቻው ነው። የእነዚህ ግን ፊታቸውና ኋላቸው አንድ ክፍል ነው። ቡናው እዚያው እኛ የምንተነፍሰውን እየተነፈሰ ነው የሚመጣው።"

አጎቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "ወላሂ፣ አባትሽን" አለ። "ቁርጥ አባትሽን።" ዓይኔ እንባ ሞላ። ያን ቀን ያሸነፍኩ መሰለኝ።

የሙከራው ቀን ጠዋት ሊሙ ገነት ነበርን። ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልዬ በልቼ እጄን ደግሜ ደጋግሜ ታጠብኩ። ከአንድ ክምር ሁለት ናሙና ወጣ፤ አንዱ ለፉአድ፣ አንዱ ለኔ። አጎቴ ከልጁ ጋር በግራጫዋ ሊመጣ ነው። ሞተር ላስነሳ ስል በቤንዚን የተሞላ ጀሪካን አንጠልጥሎ መጣ።

"ይሄን ያዢ። መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆብሽ ብትቆሚ ሰው ይስቅብሻል፤ በኔም ይስቃል።"

"አጎቴ፣ አይሸትም?"

"አዲስ ጀሪካን ነው። ክዳኑን በገዛ እጄ ነው ያጠበቅኩት።" የኋላውን በር ከፍቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ከከረጢቱ ጎን አስቀመጠልኝና ዘጋው። "ዴሚ፣ ሂጂ እንግዲህ! አላህ ይርዳሽ።"

አጎቴ ነው፤ በሰው ፊት በእጁ የሰጠኝን ጀሪካን አውርጄ መሬት ላይ ማስቀመጥ ማለት "አላምንህም" ማለት ነው። እንደዚያ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ከመነሻው ባለጌ ተብዬ ሥራው ይቀርብኝ ነበር። ይሄንን እሱም ያውቃል።

ያ መንገድ! እንዲያ ነድቼ አላውቅም። ቀይዋ ጠመዝማዛው ላይ እንደ ፍየል ትታጠፋለች። ዳገቱ ላይ የፉአድን ግራጫ ከኋላዬ ባለው አቧራ ውስጥ ጥዬው ወጣሁ። መሐል መንገድ ላይ የቤንዚን ሽታ መጣብኝ። መስኮት ከፈትኩ፤ አቧራው ገባ፤ አቧራም ለቡና ጠላት ነውና ዘጋሁት። የቤንዚን መኪና አይደለች፣ የራሷ ሽታ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሽታውም ጠፋ። አፍንጫ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለምድ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ጅማ ስገባ ፉአድ ዱካውም የለም። ላኪው ግቢ ደርሼ ከረጢቱን ለጋሽ መኮንን ረዳት ሰጠሁ። ጋሽ መኮንን የላኪው ቀማሽ ናቸው፤ በጅማ አቅራቢዎች ዘንድ የሳቸው ምላስ ዳኛ ነው። ፉአድና አጎቴ ዘግይተው ደረሱ። ሁለቱም ናሙና ተቆላ፣ ተፈጨ፣ ሲኒዎቹ ተደረደሩ፣ የፈላ ውኃ ወረደባቸው። የቱ የማን እንደሆነ ለቀማሹ አይነገርም። ደላላውም፣ ሌሎች አቅራቢዎችም፣ የግቢው ሠራተኞችም በሩ ላይ ተሰብስበው ያያሉ።

ጋሽ መኮንን በማንኪያ ፉት ሲሉ ጨርቅ የሚቀደድ ይመስላል። የመጀመሪያውን ቀመሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደገሙት። "ይሄ ሊሙ ነው" አሉ። የኔ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ፉት አሉ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ባልዲው ውስጥ ተፉት፤ ውኃ ጠይቀው ተጉመጠመጡ፤ ደግመው ተፉ።

"ይሄን ያመጣው ማነው? ቡና ነው ወይስ የጄኔሬተር ሆድ?"

ሳቁ ከበሩ ጀመረ። አንዱ "ክብሪት እንዳታስጠጉት!" አለ። ሌላው "ሀያት ቤንዚን!" አለ፤ ስሜ በዚያች ቅጽበት ወጣ። አጎቴ ደንግጦ፣ ያን ጊዜ የደነገጠ መስሎኝ ነበር፣ ወደ ቀይዋ ሮጠና የኋላውን በር ከፈተ። ምንጣፉ ረጥቧል።

"አየሽ፣ ልጄ?" አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ስትበሪ ጉድጓዱ አናግቶ ክዳኑን አላላው። ቤንዚን አልሽ፣ እሺ አልኩሽ። ፍጥነት ፈለግሽ፣ ተውኩሽ። ምን ላድርግሽ?" ከዚያም ድምፁን አለዝቦ "ይሁን፤ ይቅር ብዬሻለሁ" አለ።

ማታ እናቴ ወስዳ ጉልበቱን አሳመችኝ። እያለቀስኩ ሳምኩት። እሱም ራሴን ዳበሰኝ። "ጥሩ ሰው ነው" አለች እናቴ ስንመለስ። "ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ አያስገባሽም ነበር።" አመንኳት።

ግራጫዋ ተገዛች፣ ፉአድ ናሙናውን ያዘ። ቀይዋን አንድ የሰኮሩ ሰው ወሰዳት። የሰርቦው ባለሱቅ እንኳ ሽማግሌ ሳይልክ ቀረ፤ እናቱ "ቤንዚን የምትሸት ሙሽራ ምን ላደርጋት ነው" አለች ተባለ። ከዚያ ሁሉ ያተረፍኩት ከዚያ ሱቅ ማምለጤን ብቻ ነው። ኋላ ባጃጅ መንዳት ጀመርኩ። ከሁሉ የከፋው ግን ይሄ ነው፤ በራሴ አፍንጫ ማመን አቃተኝ። ወጥ ልሠራ ስል እጄን አሸታለሁ። ብርጭቆ አሸታለሁ። አባቴ ያስተማረኝን አንዲት ነገር በገዛ ፍጥነቴ ያበላሸሁ መስሎኝ ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ አጎቴ የሰርቦው ዘመዳችን እንዲገባው ብሎ ታሪኩን መተረክ ጀመረ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጁ ልጅ ወልዶለት፣ ጫቱ ሞቅ አድርጎት፣ ያን ቀን ግን ሌላ ጊዜ የማይለውን ጨመረ።

"እንግዲህ ልጅቷ በገዛ አፏ አስተማረችኝ! ቡና ሽታ ይሰርቃል፣ መኪናዋም አንድ ክፍል ናት አለችኝ። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ በየላኪው ግቢ ስትዞር ማየት አልፈልግም፤ እምቢ ብላት እናቷ ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ይታዘበኛል። ምን አደረግኩ? የጀሪካኑ ክዳን ውስጥ ያለችዋን ቀጭን ጎማ በጥፍሬ ፈልቅቄ ኪሴ ከተትኳት! ክዳኑ ይጠብቃል፤ ግን ያልባል!"

ሳቁ። አንዱን ሳቁ አንቆ አሳለው። ፉአድን አየሁት፤ ዓይኑን ወደ ጫቱ ጣለ። ያውቅ ነበር። እናቴም ከሴቶቹ መሐል አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች።

"አኮረፍሽ እንዴ፣ ሀያት?" አለኝ አጎቴ። "ያለፈ ነገር እኮ ነው!"

"ኧረ አላኮረፍኩም፣ አጎቴ" አልኩት። "ግን ጋሽ መኮንን ውጪ ስልክ እያናገሩ ስለነበር አልሰሙም። ይድገሙላቸው።"

ጋሽ መኮንን ከምሳ በኋላ ነበር የመጡት፤ የቤቱን ሥጋ ስለማይበሉ ዳቦና ማር ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ሲገቡ አጎቴ ቦታ ለቀቀላቸውና እንደገና ጀመረ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አማረ። ቢስሚላህ ማለቱን ሳይቀር ጨመረበት። ሰውም ደግሞ ሳቀ።

ጋሽ መኮንን አልሳቁም። ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

"አውቀው ነው ያቀመሱኝ?"

"ኧረ ጋሽ መኮንን፣ የድሮ ቀልድ ነው! ልጅቷን ከሥራው ለማራቅ ብዬ እንጂ..."

"የልጅቷ ነገር የቤታችሁ ጉዳይ ነው" አሉ፤ ወደኔ ዞር እንኳ አላሉም። "እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲያመጡልኝ የኖሩትስ? ስንቱን አውቀው አቀመሱኝ?"

የሚስቅ ጠፋ። ጓዳ ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ። ጋሽ መኮንን ጫማቸውን አድርገው ወጡ፤ ፉአድ ባዶ እግሩን እስከ ግቢው በር ተከተላቸው። እኔ ሻዬን መቅዳት ቀጠልኩ።

ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አየሁ፤ "በድለንሻል" የሚል ዓይን ፈልጌ አጣሁ። ቀማሹ የተቆጡት ለምላሳቸው ነው፣ አጎቴ የፈራው ለንግዱ ነው። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ አሁንም ቀልድ ነኝ። ሥራው መቅረቱ ድሮ ወጥቶልኛል። የሚያንገበግበኝ ያ ይቅርታ ነው። እሱ ለሠራው እኔ አለቀስኩ፤ እሱም እንባዬን ተቀብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

ትናንት እናቴ ከአጎቴ መልእክት ይዛ መጣች። ላኪው የዘንድሮውን ናሙና ሳይቀምስ መልሶታል። "ጋሽ መኮንን ዘንድ ሂጂና፣ አጎቴ ለማሳቅ ብሎ የፈጠረው ነው፣ ክዳኑን ያላላው የኔ አነዳድ ነው በያቸው" አለችኝ። "አንቺን ያምኑሻል። እንደዚያ ካደረግሽ ናሙናውን ከፉአድ ጋር እኩል ትይዢዋለሽ ብሏል።"

"የአባቴን ሥራ?"

"አዎ፣ የአባትሽን ሥራ። ምን ጎደለሽ?"

አልሄድም አልኳት። ፉአድ አራስ ቤት ይዞ ምን ሊበላ ነው ብላ ለመነችኝ። አልሄድም አልኩ። አለቀሰች።

"እማ፣ ለማን ነው የምታለቅሺው?" አልኳት።

ሻሿን ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጠረገች። ባጃጄን አስነስቼ ወጣሁ።